«ኩላሊት አለብኝ»

ዱርቤቴ ያሉት አክስቴ መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ከላይ የዘንድሮው የግፊት ክኒን አለ፤ ከሥሩ ካቻምና የታዘዘ የሳል ሽሮፕ፣ ግማሹ ያለቀ የጨጓራ መድኃኒት፣ ለማን እንደተገዛ የተረሳ ቅባት። አክስቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው፤ የአማርኛ ጽሑፍ አያመልጣቸውም። ካርቶኖቹ ላይ ያለው ግን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የቤቱ አስተርጓሚ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ሆናለች። «ምን ይላል?» ይሏታል፤ እሷም የምታውቀውን ቃል ትነግራቸዋለች፣ የማታውቀውን ትዘለዋለች።

ዱርቤቴን የማታውቁ ካላችሁ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ መራዊንና ግልገል አባይን አልፋችሁ የምታገኟት የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት። እዚያ አንድ ሰው ታሞ ከገጠር ቀበሌ ሲመጣ ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ ነው። ከዳንግላ በኩል የመጣ ከሆነ ደግሞ ምናልባት መጀመሪያ ያሰበው በአዊኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱ ላይ የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ማዘዣ ወረቀቱ ላይ ከላቲን የተወረሱ አጫጭር ምልክቶች ይጨመራሉ። ወረቀቷ ፋርማሲ መስኮት ላይ ስትደርስ ተመልሳ አማርኛ ትሆናለች። በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ትርጉም ተሠራ ማለት ነው፤ «አስተርጓሚ» የሚባል ሰው ግን በቦታው አልነበረም።

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሱቅና ስለ ቢሮ ቃላት ነው። በዚህ ወር ግን የቤት ውስጥ መድኃኒት ሣጥን እንክፈት፤ ምክንያቱም እዚህ ቦታ ላይ አንድ ተራ ቃል ሲሳሳት የሚከፈለው ዋጋ ከሳቅ ያልፋል።

ምን ያህል ዋጋ? በጥር 1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የሆነውን እንይ። ዊሊ ራሚሬዝ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ከኩባ የመጡ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ልጁ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ። በኩባ ስፓኒሽ ይህ ቃል የበላው ወይም የጠጣው ነገር ያልተስማማው ሰው ማለት ነው። እንግሊዝኛው ውስጥ በድምፅ ቁርጥ እሱን የሚመስል «ኢንቶክሲኬትድ» የሚል ቃል አለ፤ እሱ ደግሞ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን የሳተ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ልጁ ዕፅ አብዝቶ ወስዷል ብለው በዚያ መንገድ አከሙት። እውነቱ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ያ እስኪታወቅ ጊዜው አለፈ፤ ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ክሱም በ71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ተዘጋ። የሚገርመው ማንም አስተርጓሚ ይጠራልን አላለም። ሁለቱም ወገን የተግባባ መስሎታል።

ስፓኒሽና እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ወጥመዶች ሞልተዋቸዋል። በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» ማለት የሆነው «ዋንስ» ፊደሉ ሳይለወጥ በስፓኒሽ «ኦንሴ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም 11 ነው። «በቀን አንድ ጊዜ ይውሰዱ» የሚለውን የመድኃኒት ጽሑፍ አንድ ስፓኒሽ አንባቢ «በቀን 11» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ እዚያ ያሉ የፋርማሲ ባለሙያዎች ይህን ይፈሩታል። በደርግ ዘመን ኩባ ተልኮ የተማረ ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁት፤ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አያጣም።

አማርኛና እንግሊዝኛ በድምፅ ስለማይመሳሰሉ እኛ ከዚህ ዓይነቱ ወጥመድ የዳንን ይመስለናል። የኛ ወጥመድ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው።

አንድ የታወቀ ነገር ልጥቀስ። እኛ ስንታመም የሰውነታችንን ክፍል እንቆጥራለን። «ኩላሊት አለብኝ»፣ «ጨጓራ አለባት»፣ «ጉበት አለበት»፣ «ልጁ ቶንሲል አለበት»። አዲስ አበባ ደግሞ ሳይነስ የሌለበት ሰው የለም። ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብታዞሩት የውጭ አገሩ ሐኪም «እኔም እኮ ኩላሊት አለኝ» ሊላችሁ ነው። ሁላችንም አለን፤ ቢቻል ሁለት። «አለብኝ» ውስጥ ያለችው ያቺ «ብ» ናት ሕመሙን የተሸከመችው፤ «አለኝ»ን «አለብኝ» ያደረገች አንዲት ፊደል። ለእንግሊዝኛው ሌላ ሐረግ ካልተፈለገ ትጠፋለች። ውጭ አገር ላሉ ወላጆቻችን ቀላል ሥራ አይደለም።

«ልብ» ደግሞ ከዚህም ያስቸግራል። «ልቤን አመመኝ» ያለ ሰው የት ነው ሲባል ጣቱን ከእንብርቱ ከፍ አድርጎ የጨጓራው አፍ ላይ የሚያሳርፍ አለ። ሐኪሙ ጣቱን ካላየ ቃሉ ብቻውን ያስተዋል። እዚህ ላይ ግን እንግሊዝኛም የሚመካበት ነገር የለውም፤ እኛ «ቃር» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ «የልብ ቃጠሎ» ይሉታል፣ ከልብ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው። «ሆድ»ማ አይነሣ። ሆዳችን የምግብ ብቻ አይደለም፤ የኀዘንም የምሥጢርም ማኅደር ነው። ልጇን ቀብራ የመጣች እናት «ሆዴ ይቃጠላል» ስትል ቃል በቃል ቢጻፍላት የሰገራ ምርመራ ይታዘዝላታል። ያስጨነቃት ነገር ግን በሰገራ ምርመራ አይገኝም።

አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1973 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ የብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። እኚሁ ምሁር ከደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ጋር ደግሞ «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚል ሌላ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፤ ሐኪም ቤት ስሄድ የምይዘው አንዱን ብቻ ይሁን ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ እንምጣ። ምች ምን እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን ያመመው፣ ያተኮሰው፣ ከንፈሩ ዙሪያ የቆሰለ ሰው «ምች መታኝ» ይላል። መድኃኒቱም ጓሮ አለ፤ ዳማከሴ ይቀነጠሳል፣ በመዳፍ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። አክስቴ ጓሮም ሁለት ቁጥቋጦ አለ፤ ጎረቤት ሁሉ ይቀነጥሰዋል።

እንግሊዝኛው «ኒሞኒያ» የሚለው በሽታ ወደ አማርኛ ሲመጣ የተሰጠው ስም «የሳንባ ምች» ነው። ተርጓሚው ሰው የሚያውቀውን ቃል መፈለጉ ያስመሰግነዋል፤ ባዕድ ስም ቢሰጠው ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ግን ቃሉ ብቻውን አልመጣም፤ ዳማከሴውንም ይዞ መጣ። «ልጅሽ የሳንባ ምች ይዞታል» የተባለች እናት ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የምታውቀው ቃል ምች ነው። ለምች ደግሞ እናቷም አያቷም ያደረጉትን ታውቃለች። የሳንባ ምች በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው፤ በባክቴሪያ የመጣውን የሚያድነውም በጊዜ የተሰጠ አንቲባዮቲክ እንጂ የጓሮ ቅጠል አይደለም። ዳማከሴን እያንቋሸሽሁ አይደለም፤ እኔም ራሴን ሲያመኝ እሸተዋለሁ። የምለው ሁለቱ ምቾች ዘመድ አይደሉም ነው።

ስለዚህ እቤት ሕፃን ያላችሁ ስሙን ተዉትና ትንፋሹን ቁጠሩ። የሚያስለው ልጅ ሳያለቅስ፣ ተኝቶ ወይም ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱ ከፍና ዝቅ የሚለውን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ተመልከቱ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ነገ አይባልም። ከ2 ወር በታች ያለ ጨቅላ ከሆነ በቁጥር አትዘግዩ፤ ሕመም ካሳየ ወዲያው ሐኪም ይየው።

«ደም ብዛት»ም እንዲሁ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ በዝቷል ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? ቃሉ የሚለው እሱን ነው። ከዚህም «እኔ ደም ማነስ አለብኝ፣ ደም ብዛት ከየት ይመጣል?» የሚል ሙግት ይወለዳል። ሁለቱ ግን ተቃራኒ አይደሉም፤ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። አንደኛው የደሙን ይዘት፣ ሌላኛው ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበትን ኃይል ይመለከታል። «ደም ግፊት» የሚለው አዲሱ አጠራር ለዚህ ይሻላል፤ ጎማ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ሲጠነክር ጎማው እንደሚወጠር ዓይነት። አክስቴ «ግፊት» ማለት ከጀመሩ ወዲህ ክኒኑን «ዛሬ ደሜ ቀንሷል» ብለው የሚተዉበት ምክንያት አጥተዋል። «ነቀርሳ»ንም መጥቀስ አለብኝ፤ የሳንባ ነቀርሳ ማለት ቲቢ ነው፣ ታክሞ የሚድን። ካንሰርንም ነቀርሳ የሚለው ሰው ግን ብዙ ስለሆነ ቃሉን የሰሙ ቤተሰቦች «የቱን ማለትዎ ነው?» ብለው ሳይጠይቁ ለቅሶ እንዳይጀምሩ።

እስካሁን ያወራነው ከሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ ስላለው መንገድ ነው። መልሱም የራሱ ኮረኮንች አለው።

ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ «1×3» ተብሎ ይጻፋል። ለጻፈው ሰው ግልጽ ነው፤ አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ። እቤት ሲደረስ ግን «አንድ ለሦስት ነው ወይስ ሦስት በአንዴ?» የሚል ክርክር ይነሣል። በቃል ሲነገርም «በየስምንት ሰዓቱ» የሚለውን ልብ በሉት። ከእንግሊዝኛው ቀጥታ የመጣ ነው፤ ስምንት ሰዓት እየቆየህ ማለት ነው። አማርኛ ሰሚ ግን «ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሦስቱ አንድ ይሆናል። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ቢባል ማንም አይስትም፤ የሚፈጀውም ጥቂት ሰከንድ ነው።

«ከቁርስ በኋላ» የሚለውም የዋህ ቃል ይመስላል። በዐቢይ ጾም ግን አቸፈር ውስጥ ቁርስ ማለት ምን ማለት ነው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ክኒን ወይ ወደ ዘጠኝ ያሻግረዋል፣ ወይ ጭራሽ ይዘለዋል፤ 55 ቀን ሙሉ። መድኃኒቱን ያዘዘው ሰው ጾም መሆኑን አንስቶ ካልጠየቀ እኛ እንንገረው። ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ የቀረውን ደግሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው።

የሕፃናት ሽሮፕ ላይ ያለው «የሻይ ማንኪያ» 5 ሚሊ ሊትር፣ «የሾርባ ማንኪያ» 15 ሚሊ ሊትር ነው። በማንኪያ ስም ብቻ የተነገራት እናት በእጇ የገባውን ካነሣች ለሕፃኑ ሦስት እጥፍ ልትሰጠው ትችላለች። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው መስፈሪያ እንዳይጣል፤ ከሌለው ፋርማሲው ላይ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ። የቅባቱ ካርቶን ላይ ደግሞ ለቆዳ ብቻ እንጂ የማይዋጥ መሆኑን የሚገልጽ ሐረግ አለ፤ ቃል በቃል ካዞራችሁት «ለውጭ ጥቅም ብቻ» ይሆናል። ኤክስፖርት የሚደረግ ቡና አስመሰለው!

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቃል ሳይሆን ቁጥር ነው። «ኤክስፕ» ከሚለው ምልክት አጠገብ «06/2025» ተጽፏል እንበል። ቁጥር ስለሆነ ትርጉም የሚያስፈልገው አይመስልም። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሚቆጥር ሰው ግን ካርቶኑን አይቶ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ ወደ ቆርቆሮው ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ያለፈበት ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወሩም ያሳስታል፤ 06 በኛ ቆጠራ የካቲት ነው፣ በነሱ ግን ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያለው ጊዜ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው ወር ከ01 እስከ 08 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ፤ ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7። 09 ላይ የኛ አዲስ ዓመት ስለሚገባ 8 ቀንሳችሁ ጳጉሜን ሲያልቅ ያለፈበት ቁጠሩት፤ ጥቂት ቀን ቢቀርባችሁ አትጎዱም። ከአክስቴ ጋር ቆርቆሮውን ስንፈትሽ ያደረግነው ይህን ነው፤ የሚሠራው መድኃኒት ላይ የልጅ ልጃቸው በወፍራም እስክርቢቶ በኛ ቀን ጻፈችበት። የሳል ሽሮፑ አልተረፈም።

ስለዚህች ልጅ አንድ ነገር ልበል። ጎበዝ ናት፤ ካርቶን ማንበቡ ለእንግሊዝኛዋም ጠቅሟታል። ነገር ግን አያት ለልጅ ልጅ የማይናገሩት ሕመም አለ። የማኅፀን ነገር፣ የሽንት ነገር፣ አንዳንዴም ፍርሃት። አስተርጓሚው ልጅ ሲሆን ሕመምተኛው ራሱ ቃሉን ይቀንሳል። ልጅም የማትሸከመውን ትሸከማለች፤ «እናትሽ ካንሰር ነው በያት» የተባለች የ13 ዓመት ልጅን አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የፌዴራል ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሐኪም ቤቶች ሕፃናትን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ የከለከለው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የምታገለግላቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አለበት። እዚያ ወላጅ ያላችሁ «ልጄ ታስተረጉምልኛለች» ሲሏችሁ ነጻ አስተርጓሚ ይጠራልኝ ማለት መብታቸው መሆኑን ንገሯቸው።

እኛ አገር እንዲህ ያለ አገልግሎት እስኪስፋፋ ያለን መስኮቱ ነው። መስኮቱ ላይ ዘወትር የሚጠየቀው «ገባዎት?» ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከዱርቤቴ እስከ አዲስ አበባ መልሱ አንድ ነው፤ «ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ»። ከኋላ ሰልፍ አለ፤ የተማረ ሰው ፊት አልገባኝም ማለትም ያሳፍራል። ጥሩ ባለሙያዎች ለዚህ ሌላ ጥያቄ አላቸው፦ «እስቲ እናቴ፣ እቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት አንቱ ይንገሩኝ፤ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ»። ካልጠየቁን እኛ እንጀምረው። መድኃኒቱን እንደተቀበልን ከመስኮቱ ሳንነሣ «ልድገመውና ከተሳሳትሁ አርሙኝ» ብለን ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ለስንት ቀን፣ በኛ አቆጣጠር እስከ መቼ የሚለውን በራሳችን አማርኛ እንናገር። ሰልፈኛው ትንሽ ቢያጉረመርም ይታገሠን፤ ነገ ተራው የሱ ነው።